የታሸገው ምስክርነት

ባለፈው ቅዳሜ ሰላማዊት አንድ ፌስታል መንጎና ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። ሰላማዊት የቀድሞ ተማሪዬ የጥላሁን ልጅ ናት። እዚሁ ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ታስተምራለች። እኔም ስድሳ ሊሞላኝ ጥቂት ወራት የቀሩኝ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ያንኑ ቋንቋ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገር ሲገጥማት ወደኔ ብቅ ትላለች። እኔ መንጎውን ስልጥ እሷ ስልኳን በጣቷ እየገፋች ታነብልኝ ጀመር። ሩቅ ምሥራቅ ያሉ የግል የቋንቋ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ አስተማሪ ይፈልጋሉ።

«ዲግሪ ይላል፤ አለኝ። የመቶ ሃያ ሰዓት የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፊኬት፤ በኢንተርኔት ተምሬ ጨርሻለሁ። ከወንጀል ነፃ፤ አዲስ አበባ ስሄድ አወጣለሁ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር የሚያሳይ ቪዲዮ፤ ተቀርጫለሁ። አንዳንዶቹማ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት ከሌለሽ አትድረሽብን ነው የሚሉት። እነሱን ዘልያቸዋለሁ።»

እነዚያ እንኳ ቢያንስ ሐሳባቸውን በግልጽ ጽፈውታል ብዬ አሰብኩ።

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ምስክር። ሥራዬን የሚያውቅ ሰው። እርስዎን ጽፌያለሁ ጋሼ። ቅጹ በእርስዎ ኢሜይል ይመጣል፤ እኔ ግን አላየውም።»

«ለምን አታይውም?»

«ምስጢር ነዋ። አመልካቹ ማየት የለበትም፤ ሕጉ ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። አንቺ የማታይውን አንድም ቃል አልጽፍም አልኳት፤ ድምፄም ሳይጮህ አልቀረም። ሽማግሌ ሲነጫነጭ እንደሚሳቅለት ሳቀችልኝና፣ «ሕጉን እኔ አላወጣሁት ጋሼ» አለች። እውነቷን ነው። እኔና ይህ ሕግ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሮ እንተዋወቃለን።

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከቡሬ ወደ ውስጥ ሁለት ሰዓት በእግር በምታስኬድ፣ ስሟን ባልጠራ በምመርጥ ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ አዲስ በተከፈተ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ነው የሄድኩት። ዘጠነኛ ክፍል የተቀበልኳቸውን ልጆች ዓመት በዓመት አብሬያቸው እየወጣሁ አሥራ ሁለተኛ አድርሻቸዋለሁ። በዲግሪ የተመረቀ የእንግሊዝኛ መምህር እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ሲያመኝ የታሪኩ መምህር ገብቶ ያስተምር ነበር፤ እሱ ባስተማረ ማግስት ልጆቹን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

አገሩ የበርበሬ አገር ነው። ከኅዳር ጀምሮ ቀዩ በርበሬ በየደጁና በየሜዳው ይሰጣል፤ ነፋስ የተነሣ ቀን አርባ ልጅ በአንድ ጊዜ ያስነጥሳል። እኔም ትምህርቱን አቁሜ ይማርህ፣ ይማርሽ ስል እውላለሁ። መስከረም ላይ ደግሞ የበቆሎ እሸት ነው። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ብዙውን ጊዜ ትኩስ የተጠበሰ እሸት በቅጠል ጠቅልሎ ነበር የሚመጣ። አንዳንዴ ተቀብዬ ዝም እላለሁ፤ አንዳንዴ እሸቱንም እበላለሁ፣ ልጁንም እቆጣለሁ።

ኑሮዬን አልጠላሁትም። አንድ ነገር ግን ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ነበር። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከመጽሐፍና ከሬዲዮ ነው። ያስተማሩኝም ሰዎች አብዛኞቹ እንደኔው ከመጽሐፍ የተማሩ ነበሩ። ይህ እኔ ቀን ከሌት የምናገረው ነገር በእርግጥ እንግሊዝኛ ነው ወይ? ማን ይነግረኛል? ተሳስቼ ከሆነ አንድ ወረዳ ሙሉ ልጅ ይዤ ነው የተሳሳትኩት። ከጎጃም ውጭ ካለ፣ አማርኛ ከማያውቅ ሰው ፊት አንድ ቀን ቆሜ አፌን መክፈትና ሲገባው ማየት እመኝ ነበር። ሌላ ትልቅ ምኞት አልነበረኝም፤ ይህኛው ግን ትልቅ ነበር።

መስከረም ላይ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሙሉጌታ ከየመን ደብዳቤ ላከልኝ። ሰንዓ ውስጥ ነጋዴውም ጸሐፊውም ከሥራ ሲወጣ እንግሊዝኛ በሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። ኃላፊያቸው እንግሊዛዊ ነው፤ ስለኔ ነግሮታል፤ ጥር ላይ አንድ ቦታ ይከፈታል። የሚያስፈልገውን በዝርዝር ጽፎልኛል፦ ዲግሪ፣ የመምህርነት ሥልጠና ማስረጃ፣ ሦስት ዓመት ያስተማረ፣ የጤና ማስረጃ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ፣ በመጨረሻም የአለቃ ምስክርነት በታሸገ ፖስታ። ደብዳቤውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላስታውስም። ወረቀቱ ከማጠፌና ከመዘርጋቴ ብዛት መካከሉ ተቀደደ።

ከዚያ ሩጫው ጀመረ። ለፎቶው ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ፎቶ ቤቱ አንድ ኮትና አንድ ክራባት ነበረው፤ የዚያን ዘመን መምህር፣ ሹፌርና ሙሽራ ሁሉ በዚያች ክራባት ነው የተነሣ። እኔም በተራዬ አሠርኳት። ለጤና ማስረጃው ቡሬ ጤና ጣቢያ ብሄድ ሐኪሙ «ምንህን ነው የሚያምህ?» አለኝ። ምንም አልኩት። «ታዲያ ምን ልትሆን መጣህ?» ብሎ ሊያባርረኝ ምንም አልቀረው። ነገሩን ሳስረዳው ግን እሱም የሚሄድበት አገር ካለ እንድነግረው ለመነኝ።

የቀረኝ ምስክርነቱ ነበር። እዚህ ላይ የራሴን ሞኝነት ልናገር። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። ቅኔው ብዙም አልዘለቀኝ፤ አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ሲጨርስ ያስመሰክራል። ሰው ይሰበሰባል፤ ልጁ መካከል ይቆማል፤ መምህሩ ይነሡና «ይህ ልጅ ተምሯል፤ ያውቃል፤ ያስተምር» ይላሉ። ያልበቃም እንደሆነ እዚያው ፊቱ ላይ «ገና ነህ፤ ተመለስ» ይባላል። የሚያኮራውም የሚያሳፍረውም ቃል ባለቤቱ እየሰማ ነው የሚነገር። ምስክርነት ማለት ለኔ ይኸው ነበር። ሙሉጌታ «በታሸገ ፖስታ» ብሎ ሲጽፍ፣ መታሸጉ ወረቀቱ በመንገድ እንዳይበላሽ መስሎኝ ነበር ብል ዛሬ ማን ያምነኛል?

ዳይሬክተራችን አቶ ይስማው ይባል ነበር። በአፌ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ በጽሑፍ ግን አንተ ብለው፣ ይህችን የምታህል ቂም የምትፈቀድልኝ ይመስለኛል። ክፉ ሰው ነበር እንዳትሉ። ትምህርት ቤቱን ከገበሬው ጋር ድንጋይ እየተሸከመ ያሠራ ሰው ነው። የክፍሎቹን ቆርቆሮ ያስመጣው ዞን ድረስ እየተመላለሰ፣ በየቢሮው ደጅ እየጠና ነው። ሥርዓት ይወዳል። ማንኛውም ወረቀት ቁጥር ሳይሰጠው፣ ግልባጩ ማህደር ሳይገባ ከቢሮው አይወጣም። ለሚስቱ ደብዳቤ ቢጽፍ እንኳ «ግልባጭ ለማህደር» ሳይል አያልፍም እያልን እናማው ነበር። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበረ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ነገር ሲመጣ እኔ ነበርኩ የማርቅለት። ስለ ትምህርት ቤቱ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ እኔም እንደ ታላቅ ወንድም እወደው ነበር።

ቢሮው ገብቼ ነገሩን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጥር ላይ?» አለ።

«ከተቀበሉኝ አዎ።»

«ጥር ማለት እንግዲህ ልጆቹ ሊፈተኑ አምስት ወር ሲቀራቸው ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። እኔንም የከበደኝ እሱ ነው።»

የእውነት ከብዶኝ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢጨምር፣ ተቀመጥና እንነጋገር ቢለኝ፣ እቀመጥ ነበር። እሱ ግን መስኮቱን ሲያይ ቆየና፣ «በል መልካም ነው። ሰው ዕድሉን ሲዘጉበት እግዜር ይታዘባል። ፖስታውን እኔው አዘጋጅልሃለሁ» አለኝ።

«ልርዳዎት? ላርቅልዎት?»

«የለም የለም። ምስክር የራሱን ቃል ነው የሚሰጥ።»

ይህ አነጋገሩ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የቅኔ ቤቱን መምህር ያየሁ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ገበሬው ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ተመርኩዞ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። አቶ ይስማው ስለ አጥሩና ስለ ማገዶው ከተናገረ በኋላ እኔን ጠርቶ ከመካከል አቆመኝ። «ይህ መምህር» አለ፣ «አራት ዓመት ሙሉ ልጆቻችሁን እንደ ልጁ ያስተማረ ነው። በእንግሊዝኛ የሚወዳደረው በዚህ አገር የለም። አሁን ባሕር ማዶ ሊጠሩት ነው። መርቁት!» ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። እኔ መሬት መሬት አይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም፤ ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል፤ አሁን ግን የሚያግለው ሌላ ነገር ነው።

እልልታው ሲበርድ አያ ጫኔ የሚባሉ አዛውንት ተነሡ። የጥላሁን አባት ናቸው፤ ልጃቸው ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር።

«መንገድዎን ያቅናልዎ መምህር» አሉ። «ክፉ አይቅረብዎ። እኛ ግን ፊደል የማናውቅ ሰዎች ነን፤ ብንሳሳት ይቅር ይበሉን። እነዚህ ልጆች ወንዝ መካከል ያሉ ናቸው። እንዲያው ወንዙን እስኪሻገሩ፣ እስከ ሰኔ ቢቆዩልን ምን ይመስልዎታል?»

አፌን ከፈትኩ። አቶ ይስማው ግን ቀደመኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ፣ «አያ ጫኔ፣ የሰው እንጀራ አንዝጋ! ዕድሉ ነው፤ ይሂድ» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። እንዴት ያለ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ለኔ ብሎ ከወላጅ ጋር ተጋጨ።

በማግስቱ ፖስታውን ሰጠኝ። ዳር ዳሩ በሙጫ ተጣብቋል፤ መዝጊያው ላይ ክቡ ማኅተም ግማሹ ከላይ ግማሹ ከታች ሆኖ አርፏል። ከሌሎቹ ማስረጃዎች ጋር አድርጌ፣ እንዳይጨማደድ ከሸሚዜ ሥር ከደረቴ ጋር አጣብቄ ወደ ቡሬ ጉዞ ጀመርኩ። ጥቅምት ነበር። ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ ጭቃው ደርቆ መንገዱ ለእግር ይመቻል። ሁለት ሰዓቱን ሙሉ ለሰንዓው እንግሊዛዊ የምነግረውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ ስለማመድ ሄድኩ፤ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች አበደ ብለው ሳያዩኝ አልቀሩም። ቡሬ ፖስታ ቤት አስገብቼ ስወጣ ለራሴ ጥብስ ጋበዝኩ። የራሴን መቅሠፍት በራሴ ደረት ተሸክሜ ማድረሴን ያወቅሁት ሦስት ዓመት ቆይቼ ነው። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ አበው።

መልሱ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መጣ። አምስት መስመር ነው። ማስረጃዎቼን በጥሞና እንደተመለከቱ፣ በተለይ የሥራ አለቃዬ ስለ ቋንቋ ችሎታዬ የሰጠውን አስተያየት ከግምት እንዳስገቡ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን መመዘኛ እንደማላሟላ ይገልጻል። አነበብኩት። ደጋግሜ አነበብኩት። የአለቃዬ አስተያየት የሚለውን ያልፈታሁት ዛሬ ስታስቡት ያስገርማችሁ ይሆናል። አቶ ይስማው በሕዝብ ፊት የመሰከረልኝ ሰው ነው፤ እሱን መጠርጠር በሐሳቤም አልመጣ። እሱ አመስግኖኝ፣ እነሱ ግን በእጄ ከጻፍኩት ማመልከቻ ድካሜን አይተው፣ ነገሩን በትሕትና በእሱ አሳብበው መለሱልኝ ብዬ ተረጎምኩት። ስፈራው የኖርኩት ነገር እውነት ሆነ፤ እንግሊዝኛዬ እንግሊዝኛ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ክፍል ስገባ ምላሴ ይተሳሰር ጀመር። ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩት ሰው ቃሉን ከመናገሬ በፊት ሰሌዳ ላይ ጽፌ መመልከት አመጣሁ። ሬዲዮ መስማት ተውኩ። ለሙሉጌታ አልመለስኩለትም፤ ምን ብዬ? ልጆቹን ግን ከበፊቱ ይበልጥ ያዝኳቸው። እኔ የማልረባ ከሆንኩ በብዛት ላካክሰው ብዬ ቅዳሜም እሑድም አስጠናቸው ነበር።

አቶ ይስማው አጽናናኝ። ሰው እንዳያፍርብህ ብሎ ለመንደሩ ሌላ ወሬ አወጣልኝ፦ ተቀብለውት ነበር፤ ለልጆቹ ብሎ ቀረ! ይህን የነገሩኝ አያ ጫኔ ናቸው፤ እቤቴ ድረስ መጥተው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። በስንት መከራ አነሣኋቸው። አቶ ይስማው ገመናዬን የሸፈነልኝ መስሎኝ ለፋሲካ አንድ ገንቦ ማር ገዝቼ ወሰድኩለት። ተቀበለኝ። ሰኔ ላይ ልጆቹ ተፈተኑ፤ ውጤቱ ሲመጣ ከጠበቅነው በላይ ብዙዎቹ አለፉ። ጥላሁንም አለፈ። አገሩ ጨፈረ፤ እኔንም ተሸክመው ዞሩ።

በሦስተኛው ዓመት አቶ ይስማው አድጎ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወረ። ምትኩ እስኪመጣ እኔ ቢሮውን ያዝኩ። መጋቢት ላይ ንብረት ቆጥረን እንድናስረክብ ታዘዝንና የመምህራኑን የግል ማህደር አንድ በአንድ እያወጣሁ ስመዘግብ የራሴ እጄ ላይ ወጣ። ሰው የራሱን ማህደር ሳይከፍት ያልፋል? የቅጥር ደብዳቤዬ፣ የእድገቴ፣ የዕረፍት ፈቃዴ። ከነሱ መካከል በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት አየሁ። የወጪ ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ከግርጌው በአማርኛ «ግልባጭ፦ ለመምህሩ የግል ማህደር» ይላል። ምስጢሩን እንኳ ግልባጭ ሳያስቀር መላክ አልቻለም!

«ጠባዩ መልካም ነው» ይላል ደብዳቤው። «የእንግሊዝኛ ችሎታው ግን ዝቅተኛ ነው። ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ከውጭ አገር ሰው ጋር ሊግባባ ይችላል ብዬ አላምንም።» እኔ ያላረቅኩለት ብቸኛው የእንግሊዝኛ ደብዳቤው ነበር፤ ስሕተቱ ከመስመሩ ይበዛል። በዚያ እንግሊዝኛ ነው የኔ እንግሊዝኛ የማይረባ የተባለው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የተንተባተብኩባቸው ቀኖች ሁሉ አንድ ላይ መጡብኝ፤ ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም።

በማግስቱ ከቡሬ መኪና ይዤ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼዋለሁ። አቶ ይስማው ሲያየኝ አንገቴን አቅፎ ሳመኝና ምሳ ካልበላህ ብሎ እየጎተተ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ምግብ ቤት አስገባኝ። ሁዳዴ ነው፤ ሽሮና ስልጆ ቀረበ። በረጅሙ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ጉርሻ እንዴት ይገፋል? ዋጥኩት። ከዋጥኩት በኋላ ነው ወረቀቱን አውጥቼ ከሳሕኑ አጠገብ ያስቀመጥኩት።

አየው። እጁን ታጠበ። አልካደም፤ ይህን ልመስክርለት።

«ጽፌዋለሁ» አለ። «ሌላ ምን ላድርግ? መጀመሪያ ያስተማርናቸው ልጆች ናቸው። እነሱ ቢወድቁ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ነበር። አንተ ከሄድክ ማን ነበረኝ?»

«ውሸት ነው እኮ የጻፉት።»

«ውሸት ነው። እውነቱን ብጽፍማ ይወስዱህ የለም እንዴ!»

ይህንን ሲል ፈገግ አለ። እንደ ምስጋና ቆጥሮት ነበር። ምስጋናም ነበር ይሆናል፤ ስመኘው የኖርኩትን ቃል እንዲህ ባለ ቦታ ሰማሁት።

«ለምን አልጠየቁኝም?» አልኩት። «ቢሮዎ ቁጭ ብዬ ከብዶኛል ስልዎት፣ ቅርልኝ ቢሉኝ ምን ነበረበት? እሺ እርስዎስ ይቅር፤ አያ ጫኔ በሰው ፊት ሲጠይቁኝ ለምን አፌን ዘጉኝ?»

«ምን ልትል እንደሆነ አላወቅኩማ» አለ። «እምቢ ብትልስ? አንዴ እሄዳለሁ ብለህ በሕዝብ ፊት ከተናገርክ ማን ይመልስሃል? በልጆቹ ቁማር አልጫወትም አልኩ።»

«በኔ ተጫወቱ።»

ቀስ ብሎ፣ «አዎ፤ ባንተ» አለ። «ከፈለግክ አሁንም ደህና ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።»

ሙሉጌታ በዚያን ጊዜ ከሰንዓ ወጥቶ ወዴት እንደሄደ አላውቅም ነበር። ደግሞ ያ ቋንቋ በአፌ ውስጥ እንደ ድሮው አልነበረም። ሒሳቡን እሱ እንዳይከፍል ቀድሜ ተነሥቼ ከፈልኩ፤ ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም። ስንለያይም፣ አያችሁ አስተዳደጋችንን፣ «ይቆዩኝ ጋሼ» ብዬው ነው የወጣሁት።

ይህን ሁሉ ለሰላማዊት ነገርኳት። መንጎው ሳሕኑ ላይ እንደተላጠ ጠቁሯል። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፍታዋለች።

«አባቴ ግን» አለች፣ «እርስዎ ለእነሱ ሲሉ ዕድልዎን እንደተዉ ነው የሚነግረን። ልጆች ሳለን ጀምሮ። እኔ ራሴ እንግሊዝኛ ያጠናሁት...» ብላ አልጨረሰችውም።

አውቃለሁ። ጥላሁን በየእንቁጣጣሹ እየመጣ ያመሰግነኛል። አያ ጫኔ እስኪሞቱ ድረስ በስሜ ሲመርቁ ኖረዋል። ሌሎቹም እንደዚያው፤ ሐኪም የሆነው አለ፣ ዳኛ የሆነው አለ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። እኔም በየጊዜው አንገቴን ደፍቼ ተቀብያለሁ። ምን ልበላቸው? አልቀረሁላችሁም፤ አስቀሩኝ ልበል? በደስታቸው መካከል ይህ ይነገራል? አቶ ይስማው አንድ ጊዜ ዋሸ፤ እኔ ግን በየዓመቱ ዝም እያልኩ ውሸቱን ሳድስለት ኖሬያለሁ።

አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን አያ ጫኔ የጠየቁኝን መልሼ እጠይቀዋለሁ ራሴን። እቀር ነበር? ይመስለኛል። ልጆቹን እወዳቸው ነበር፤ ሰኔ ሩቅ አልነበረም፤ ሰንዓም ሌላ ቦታ ይከፍት ነበር። ግን ይመስለኛል ነው የምለው፤ ከዚያ ማለፍ አልችልም። ሰው ስለ ሌላው መልካም መሆኑን የሚያውቅባት ቀን በዕድሜው ስንት ጊዜ ትመጣለታለች? ለኔ አንዴ መጥታ ነበር። አለመሄዱስ ይሁን፤ ስንቱ ሰው ካሰበበት ሳይደርስ ቀርቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ መቅረቴ የኔ አለመሆኑ ነው።

«ለአባቴ ልንገረው?» አለችኝ ሰላማዊት።

ጥላሁን በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ደጄ ላይ ሲቆም ታየኝ። ካወቀ በኋላ ባይመጣስ ብዬም ፈራሁ።

«ንገሪው» አልኳት።